ስምንተኛው ገጽ

እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ከሬሳ ሳጥኑ ቀጥሎ የሚታሰበው የሽኝት መጽሔቱ ነው። ቀጭን መጽሔት ናት። ሽፋኗ ላይ የሟቹ ፎቶ ይወጣል፤ ውስጧ የሕይወት ታሪኩ፣ የሚዘመሩት መዝሙሮች፣ ሳጥኑን የሚሸከሙት ሰዎች ስም፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የቤተሰቡ ምስጋና ይገባባታል። ቀብር የመጣ ሁሉ አንዳንድ ይዞ ይሄዳል፤ ማንም አይጥላትም። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ ዕድሜ ልኳን ትቀመጣለች። እዚህ ሜከን፣ ጆርጂያ፣ በጥቁሮች ሰፈር በየቤቱ ካሉት መጽሔቶች ግማሹን ያህል የሠራሁት እኔ ነኝ። ቨርዴል ኦግልስቢ እባላለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬያለሁ።

ሥራዬን እወደዋለሁ። ሰዎች የተቀደደ ፎቶ ያመጡልኛል፤ የመታወቂያ ፎቶ ያመጡልኛል፤ ከሠርግ ፎቶ ላይ ተቆርጦ የሌላ ሰው እጅ ትከሻው ላይ የቀረበት ያመጡልኛል። እጁን አነሣለሁ፣ የተቀደደውን እገጥማለሁ፣ የሥራ ልብሱን በሙሉ ልብስ እቀይራለሁ። ከዚያ ቤተሰቡ ሊወጣ ሲል በሩ ጋ ቆም ይልና «ጥሩ አድርገሽ አውጪልን እንግዲህ፤ ትንሽ ፈካ አድርጊው» ይለኛል። ፈካ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መጀመሪያ መጀመሪያ እጠይቅ ነበር። በኋላ ገባኝ። ከዚያም ሳይነግሩኝ ማድረግ ጀመርኩ። ጥቁሩን ጠይም፣ ጠይሙን ቀይ ዳማ አድርጌ አወጣለሁ። «አቤት ሲያምር!» እያሉ ያለቅሳሉ፤ እኔም ደህና ሥራ ሠራሁ ብዬ ምሳዬን በሰላም እበላለሁ።

ይህን የማወራው ለመኩራራት አይደለም። «አመል ያወጣል ከመሐል» ይባላል። የእኔ አመል ግን ከመሐል ያወጣው እኔን ሳይሆን አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ነው። ታሪኩን የምጽፈውም ይህ አመል ያለበት ሌላ ሰው ቢኖር ከእኔ እንዲማር ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በቤተ ክርስቲያናችን መዋዕለ ሕፃናት ነው። አስተማሪዋ ሬኒታ ትባላለች፤ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ አንድ ነገር ከያዘች የማትለቅ ሴት ናት። አንድ ቀን የልጆቹን የፊደል መጽሐፍ ይዛ ሱቄ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«እትዬ ቨርዴል፣ እስኪ ሃያ ስድስቱንም ፊደል ገልጠሽ የኛን ልጅ ፈልጊልኝ።»

ገለጥኩ። ፖም የያዘች ልጅ አለች፤ ድመት ያቀፈ ልጅ አለ፤ ጀልባ የሚቀዝፍ ልጅ አለ። የእኛን ልጅ የሚመስል አንድ አገኘሁ፤ እሱም ሌላ ልጅ ልደቱን ሲያከብር ከኋላ ቆሞ ያጨበጭባል።

«ይኸው፣ አንድ አለ» አልኳት።

«አዎ፣ የሰው ልደት ላይ!» አለች። «ልጆቼ ፊደል የሚቆጥሩት የሰው ድግስ ላይ ቆመው ነው እኮ። እኛ የራሳችንን እንሥራ። ሃያ ስድስት ፊደል፣ ሃያ ስድስት የኛ ልጅ፤ ሁሉም ከቤቱ አንድ ነገር ይዞ ይምጣ። ፎቶውም ሕትመቱም ባንቺ ነው። እምቢ እንዳትይኝ።»

እንኳን እምቢ ልል፣ ከደስታዬ ብዛት ያን ቀን ሥራ መሥራት አቃተኝ። እኔ እኮ ዘመኔን ሁሉ የሙታን መጽሔት ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለሕያዋን፣ ያውም ለሕፃናት ስሠራ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ እናቶቻቸው ሲያሰማምሩላቸው ያደሩትን ፀጉር ይዘው አዳራሹን ሞሉት። አንዱ የወንድሙን የሰልፍ ከበሮ ተሸክሞ መጣ። አንዷ ከአያቷ ጓሮ የተነቀለ ጎመን፣ እኛ «ግሪንስ» የምንለውን፣ እስከነአፈሩ ታቅፋለች። አንዱ የአባቱን የፀጉር መቁረጫ ይዟል። «ኤክስ» ያስቸግረናል ብለን ፈርተን ነበር፤ የአንድ ልጅ አባት ግን የቅድመ አያቱን የመሬት ውል አመጣ። ቅድመ አያትየው ፊደል እንዲቆጥር ሳይፈቀድለት ያረጀ ሰው ነበርና፣ ስሙ መጻፍ በነበረበት ቦታ በራሱ እጅ ያሰመራት ኤክስ ብቻ አለች። ልጁ ውሉን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

ባርኔጣ በምንናገረው እንግሊዝኛ በ«ኤች» ይጀምራል፤ «ኤች»ም ከፊደሎቹ ስምንተኛው ነው። እሱ የደረሳት ለኬጡራ፣ ለእማማ ኦዴሳ የልጅ ልጅ ነበር። እማማ ኦዴሳ በቤተ ክርስቲያናችን ከፊተኛው ወንበር የማይታጡ፣ በየፋሲካው ባርኔጣቸው የሚወራላቸው እናት ናቸው። ለፎቶው የሰጧት ሐምራዊውን፣ ባለ ላባውን፣ ማንም እንዲነካባቸው የማይፈልጉትን ነው። ኬጡራ ስትደፋው እስከ ቅንድቧ ወረደ። የፊት ጥርሷ በዚያ ሳምንት ወልቆ ስለነበር በክፍተቱ ምላሷን እያወጣች ትስቃለች።

ኬጡራ ጥቁር ናት። ሰፈራችን ስለ ሰው ቆዳ ሲያወራ ይህን ቃል ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚናገረው። «ጠይም ናት» ይላል፤ ካልሆነለት ደግሞ «ጠቆር ትላለች፣ ግን ታምራለች» ይላል። «ግን» ለምን እንደገባች ማንም አይጠይቅም። እኔም ስል የኖርኩ ነኝ።

«እኔ ስንተኛ ገጽ ነኝ?» አለችኝ ባርኔጣውን በሁለት እጇ ይዛ።

«ስምንተኛ።»

«ስምንት ስንት ነው?»

አንድ እጄን ሙሉ፣ ከሌላው ሦስት ጣት አሳየኋት። መጽሐፉ እስኪወጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሬኒታ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ልጅቷ በየቀኑ ጣቶቿን እየዘረጋች ስምንት ስትቆጥር ነበር የከረመችው።

ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ሳስተካክል የአክስቴ ልጅ ላቮን አጠገቤ ነበረች። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ የምትቀበለው እሷ ናት። ኬጡራ ጋ ስንደርስ የባርኔጣው ጥላ ፊቷ ላይ አርፏል።

«ልጅቷን ትተሽ ባርኔጣውን ብቻ ነው እንዴ ያነሣሽው?» ብላ ሳቀች ላቮን።

እኔም ሳቅሁ። ይቅር ይበለኝና፣ ሳቅሁ። ከዚያ እጄ የለመደውን አደረገ። አንድ ጊዜ ፈካ አደረግኋት፤ ላቮን «ጨምሪበት፣ ጨምሪበት» አለች፤ ጨመርኩበት። ጥላውን ለማጥፋት ብዬ ጀመርኩ እንጂ ጥላው ከጠፋ በኋላም አላቆምኩም። ጠቆር ያሉ ሌሎች አራት ልጆችንም እንዲሁ አደረግኋቸው። የበደልኳቸው አልመሰለኝም፤ እንዲያውም ያስዋብኳቸው መስሎኝ ነበር።

መጽሐፉ በታደለበት እሑድ ከጸሎት በኋላ አዳራሹ ሠርግ መሰለ። እናቶች እየገለጡ እልል ይላሉ፤ ልጆች የራሳቸውን ገጽ እየያዙ ይሮጣሉ። ኬጡራ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አደረገች። ማንም እንዲገልጥላት አልፈለገችም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ጮክ ብላ ቆጠረች። ስምንት ላይ ቆመች።

«ይቺ ማናት?» አለች።

ሰው ሳቀ። «አንቺ ነሻ!» አላት ከወዲያ ከወዲህ።

«እኔ አይደለሁም» አለች። ጣቷን ባርኔጣው ላይ አሳረፈች። «የእማማን ባርኔጣ ማን ሰጣት?»

ያን ጊዜ ሳቁ ቀነሰ። ሬኒታ አጠገቧ ተንበርክካ «እይ እስኪ፣ ጥርሷ እንዳንቺ ወልቋል» አለቻት። ኬጡራ ክፍተቱን በምላሷ ነካ ነካ አደረገችና «እሷም ወልቆባታል ማለት ነው» አለች። ከዚያ ቀጣዩን ገጽ ገለጠች። እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ እያንዳንዱን ገጽ ራሷን ፈለገችበት። ስትጨርስ ወደ እኔ መጣች።

«እትዬ ቨርዴል፣ ደህና አድርጌ አልቆምኩም ነበር? ለዛ ነው ሌላ ልጅ ያስገባሽው?»

«አይ የኔ እናት፣ አንቺ እኮ ነሽ። ጥላ ሆኖብሽ ነው ትንሽ ያስተካከልኩሽ» አልኳት። አየችኝ። ያላመነ ልጅ አስተያየት ታውቃላችሁ። መጽሐፉን እጄ ላይ አስቀምጣልኝ ወደ አያቷ ሄደች። እማማ ኦዴሳ አቀፏት፤ እኔን ግን በዚያ ባርኔጣ ስር ሆነው ረጅም ጊዜ አዩኝ።

ልጅ ነው ይረሳዋል ብዬ ነበር። ሐሙስ ዕለት ሬኒታ ሱቄ መጣች፤ አልተቀመጠችም።

«ክፍል ውስጥ ፊደሉን በቃላችን ስንል ሁሉም በየፊደሉ ይነሣል» አለች። «ጂ ሲባል ባለ ጎመኗ ትነሣለች። ከዛ ዝም ነው። ከዛ አይ። ኬጡራን ተነሺ ስላት ‹ያቺ ልጅ ትነሣ› ትለኛለች። አራት ቀኗ። ሌሎቹም መዝለሉን ለምደውታል፤ ፊደላችን ሃያ አምስት ሆኖልሻል።»

«ጥላው ነበር እኮ…» አልኩ።

«ጥላ አይደለም፣ እትዬ። ሌሎቹ አራቱስ? እነሱም ባርኔጣ ነበራቸው?»

ተናደድኩ። ጥፋቱን የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይናደዳል። «ስሚ አንቺ! ሰው አምሮ መታየት ይፈልጋል። ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ አንድ ሰው ‹ምን አደረግሽኝ› ብሎኝ አያውቅም!»

«እንዴት ይበልሽ? የምትሠሪያቸው እኮ ሙታን ናቸው!» አለች። «ሙት አፍ የለውም። ይቺ ግን በሕይወት አለች፤ አፍም አላት፣ ጠየቀችሽ። መልስ ስጫት።» በሩን ሳትዘጋው ወጣች።

ላቮን ከጠረጴዛዋ ሆና «ወይ ጉድ! የዛሬ ልጆች ደግሞ!» አለች። እኔ ተነሥቼ በሩን ዘጋሁት።

በማግስቱ እማማ ኦዴሳ መጡ፤ አንድ የጫማ ካርቶን በብብታቸው ይዘዋል። ከፍተው መጽሔቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሯቸው። ሁሉም የእጄ ሥራ ናቸው፤ ባላቸው፣ እህታቸው፣ ወንድማቸው ሮስኮ።

«ይሄ ማነው?» አሉኝ።

«ወንድምዎ ነዋ፣ እማማ።»

«ሮስኮ ከዚህ ጠረጴዛ ይጠቁር ነበር» አሉ፤ ጥቁሩን ጠረጴዛዬን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ። «ያን ሰውዬ ስንት ሴት እንዳለቀሰችለት ታውቂያለሽ? ይሄን ሰው ግን እኔም አላውቀው።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ደስ ብሎኝ ነበራ! ልዋሽሽ? ‹አቤት ሲያምር› ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። የሁላችንም ነው።» የሮስኮን መጽሔት ወደ ካርቶኑ መለሱ። «ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤታችን በየገና ተውኔት ነበረው። ሦስት ዓመት ሙሉ መጋረጃ ሳቢ አደረጉኝ። ቃሉን ሁሉ በልቤ ይዤው ነበር፤ የማርያምንም፣ የመልአኩንም። ግን ቀያዮቹ ከፊት፣ እኔ ከመጋረጃው ኋላ። ይሄን ያደረጉት ነጮች አይደሉም፤ የራሳችን አስተማሪ፣ የራሳችን ሰፈር ልጅ ናት። ኬጡራ ‹ያቺ ልጅ ትነሣ› አለች ሲሉኝ የመጋረጃው ገመድ እጄ ላይ ተሰማኝ።»

አለቀስኩ። እሳቸው ግን ሊያባብሉኝ አልመጡም።

«ለቅሶሽን በኋላ አልቅሺ» አሉኝ። «ነገ ልጅቷን አመጣታለሁ። ባርኔጣውንም።»

ቅዳሜ መጡ። ኬጡራን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። ሃያ ሁለት ዓመት ያልተማርኩትን በዚያ ጠዋት ተማርኩ፤ ነጭ ካርቶን ጭኗ ላይ ባደርግ የመስኮቱ ብርሃን ከስር ተመልሶ ባርኔጣው ስር ገባ። ጥላው ጠፋ፤ ቆዳዋ ግን እንዳለ ነው፤ ያበራል። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ብርሃን ማምጣት ትቼ ሰውን ስፍቅ መኖሬ ያን ጊዜ በደንብ ገባኝ።

ፎቶውን ሳትም ኬጡራ ሱቁን እየዞረች ታያለች። ከገንዘብ መቀበያው በላይ በወርቃማ ፍሬም የተሰቀለ ፎቶ አለኝ።

«ይቺስ ማናት?»

«እናቴ ናት።» እናቴ ካረፈች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ፎቶው የሽኝት መጽሔቷ ሽፋን ላይ የወጣው ነው።

ልጅቷ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች። «አትመሳሰሉም» አለች።

እማማ ኦዴሳ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የእናቴ ጓደኛ ነበሩ። እኔ ወደ ታችኛው መሳቢያ ሄድኩና ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ያስቀመጥኩትን ፖስታ አወጣሁ። እናቴ በሥራ ልብሷ፣ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ በር ላይ ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ፎቶውን ለኬጡራ ሰጠኋት።

«ይቺ ናት!» አለች ወዲያው። «ይቺ ቁርጥ አንቺን! እኔንም ትመስላለች ትንሽ።»

ሬሳ ሣጥኗ ላይ እንዳለቀስኩት ያህል አለቀስኩ። ያኔ የቀበርኳት አንድ ጊዜ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ሁለት ጊዜ ኖሯል። እማማ ኦዴሳ በዚህኛው ጊዜ አባበሉኝ።

በማግስቱ እሑድ ፓስተሩን አስፈቅጄ ጉባኤው ፊት ቆምኩና ያደረግሁትን ተናገርኩ። መጽሐፉን እንዲመልሱልኝና አምስት ገጽ ቀይሬ እንድሰጣቸው ለመንኩ። አብዛኞቹ መለሱልኝ። አንድ አባት ግን «የኔ ልጅ እንዳለ ይሁን፤ እንደዚያው ያምራል» ብሎ እምቢ አለኝ። አልፈረድኩበትም፤ እንደዚያ ያምራል ብዬ ሰፈሩን ሳስተምር የኖርኩት እኔ ነኝ። የልጁን አዲስ ገጽ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬለታለሁ፤ አንድ ቀን ራሱ ልጁ ይመጣ ይሆናል።

አዲሶቹን ገጾች ስጨርስ መጀመሪያ ያሳየሁት ለኬጡራ ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ቆጠረች። ስምንት ላይ ቆመች። መጽሐፉን ዘግታ በብብቷ አደረገችና ሄደች። ትንሽ ቅር አለኝ፤ ምስጋና ለምጃለሁና። ረቡዕ ሬኒታ ደወለችልኝ፤ «ስሚ» ብላ ስልኩን ወደ ክፍሉ አዞረችው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያሉ መጡ። ጂ ተባለ። ከዚያ አንዲት ድምፅ ከሁሉ በላይ ጮኸች፣ «ኤች! እኔ ነኝ!»

ወላጆች ሆይ፣ አስተማሪዎች፣ እንደ እኔ ፎቶ የምታስተካክሉ ሁሉ፤ ልጅ መጽሐፍ ሲገልጥ ፊደል ብቻ አይደለም የሚፈልገው። ራሱን ይፈልጋል። ሌሎች ከመጽሐፋቸው ቢያወጡት ሌላ መጽሐፍ እንሠራለን፤ በእኛው መጽሐፍ ውስጥ ከፋቅነው ግን ወዴት ይሂድ? «ግን» የሌለበት ውበት እንዳለው ከእኛ ካልሰማ ከማን ይሰማል?

የወርቃማውን ፍሬም ፎቶ አውርጄ በፖስታው ውስጥ የነበረውን ሰቅያለሁ። ዛሬም ቤተሰቦች ፎቶ ይዘው ይመጣሉ፤ ዛሬም በሩ ጋ ቆም ብለው «ትንሽ ፈካ አድርጊልን» ይሉኛል። አልቆጣቸውም። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ግድግዳው እመልሳቸውና «መጀመሪያ እናቴን ላስተዋውቃችሁ» እላቸዋለሁ።